«እግዜር ይስጥህ»

በአማርኛ «የለኝም» ለማለት ብዙ መንገድ አለ። ከሁሉ የሚቀለው ግን «እግዜር ይስጥህ» ነው። አማርኛን ከመዝገበ ቃላት የተማረ የውጭ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ምርቃት ይመስለዋል። ቃል በቃል ከተረጎሙት እውነትም ምርቃት ነው፤ የሰማይና የምድር ጌታ ከማያልቀው ሀብቱ እንዲሰጠው እየተመኘንለት ነው። የመኪናውን መስኮት የሚያንኳኳው ሰውዬ ግን ቋንቋውን ከእኛ እኩል ያውቀዋልና አይሳሳትም። «እግዜር ይስጥህ» ሲባል እጁን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። በሩ እንደተዘጋ ገብቶታል።

ይህ አነጋገር የእኛ ብቻ አይደለም። ዐረቦችም ለማኝን «አላህ ይስጥህ» ብለው ያሰናብታሉ። እኔን የሚገርመኝ እምቢታችንን በራሳችን ስም መፈረም መፍራታችን ነው። «አልሰጥም» ብንል ጨካኝ እንባላለን፤ «የለኝም» ብንል ኪሳችን ይታዘበናል። ስለዚህ ጉዳዩን ወደ ላይኛው ቢሮ እናስተላልፈዋለን። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይን «ይኼ እኛን አይመለከትም፤ በላይ ያለውን ክፍል ጠይቅ» ብሎ እንደሚሸኘው ሁሉ፣ እኛም የተቸገረውን ከበላያችን ወዳለው እንመራዋለን። ሰውዬው እዚያ ደርሶ ምን እንደተባለ ተመልሶ የሚጠይቀው ግን የለም።

ደግሞ ለማኙን የምንጠራበትን ስም ተመልከቱ፤ «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። እኔን የመሰለ፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡት አበው ምን ያህል አስበውበት ይሆን እላለሁ። ዛሬ ተራው የእሱ ነው፣ ነገ የእኔ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ዘንድ የቆመው መከራ የእኔን ቤት አድራሻ ያውቃል እያሉ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃላችን «እኩያዬ ነህ» ይለዋል፤ ሌላው ቃላችን «እለፍ» ይለዋል። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ አፍ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ልመና ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። የመንገድ ላይ ልመና ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እኔን ያሳሰበኝ «እግዜር ይስጥህ» ከመንገድ ተነሥቶ ቤታችን ድረስ መግባቱ ነው። ጓደኛችን ሥራ ሲያጣ፣ እኅታችን ስትፈታ፣ ጎረቤታችን ታሞ ሲተኛ የምንለው ሁሉ የዚህ ቃል የአጎት ልጅ ነው። «እሱ ያውቃል»፣ «ለበጎ ነው»፣ «በርታ ጸልይ»፣ «ጊዜውን ጠብቆ ይሰጥሃል»። ሃይማኖተኛ ሕዝብ ነን። በጭንቅ ጊዜ ለሰው የምንሰጠው የመጀመሪያው ነገር ተስፋ ነው። ጥያቄዬ፣ የመጨረሻውም እሱ ብቻ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው የሚል ነው።

ተስፋውን ራሱን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። «እግዚአብሔር አለ» የሚለው ቃል በሁለት አፍ ሲነገር ሁለት ነገር ነው። የተቸገረው ሰው ሲለው ተስፋ ነው። የቤት ኪራይ ቀኑ የደረሰባት፣ ልጇ የታመመባት፣ በሰው ዘንድ ያለው መንገድ ሁሉ የተዘጋባት ሴት «እግዚአብሔር አለ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ፣ ያ ቃል እግሯን የሚያነሣው ጉልበት ነው። በዚህ ላይ የሚሥቅ ሰው ወይ ተቸግሮ አያውቅም፣ ወይ መቸገሩን ረስቷል። የደላው ሰው ያንኑ ቃል ለተቸገረው ሲለው ግን ብዙ ጊዜ መውጫ በር ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ማን ለማን እንዳለው ነው።

የጥንቱ ልማዳችን የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራው እጅ ለማስፈታት ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ስሟ ብላችሁ ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ከመሶቡ ቁራሽ ታወጣለታለች። እንግዲህ ቅኔውም፣ ዜማውም፣ ትርጓሜውም ለዘመናት የኖረው በዚህች ቁራሽ ነው። ተማሪው ስሙን ጠርቶ ይለምናል፤ ባለቤቷ ስሙን ሰምታ ትሰጣለች። እኛ ዛሬ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ለማኙ እጁን ይዘረጋል፤ ስሙን የምንጠራው እኛ ነን፤ ያውም ላለመስጠት።

እስኪ ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ሰፈራችን ውስጥ የአንዲት እናት ልጅ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። የኩላሊት እጥበት የሚባለውን ሕክምና የሚያውቅ ያውቀዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ለሰዓታት ከማሽን ጋር መታሰር ነው። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም፤ ሌላ ኩላሊት እስካልተገኘ ድረስ ዕድሜ ልክ ነው። ወጪው የደመወዝተኛን ቤት በጥቂት ወር ውስጥ ባዶ ያስቀራል። የቴሌቪዥኑ፣ የፍሪጁ፣ የእናትየው የአንገት ሀብል ተራ ይደርሳል።

ጠያቂ አልጠፋም። ቤቱ በየቀኑ ይሞላል። ሁሉም ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥሎ ይመጣል። ልጁ ደግሞ ሐኪም ከከለከለው ምግብ ውስጥ ዋነኞቹ ብርቱካንና ሙዝ ናቸው። ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ስላለባቸው፣ ኩላሊቱ ደግሞ ያንን ማስወጣት ስለማይችል፣ ልቡን ሊያቆሙበት ይችላሉ። ስለዚህ ጠያቂው ያመጣውን ጠያቂው እየበላው ይሄዳል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን «ምን ትበላለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የምንሰጠው ተስፋም እንደዚያው ነው። ለበሽተኛ ብርቱካን ይወሰዳል፣ ለተቸገረ «እሱ ያውቃል» ይባላል። የሚቀበለው ሰው ይስማማው አይስማማው ብሎ የሚያስብ የለም።

ከጠያቂዎቹ መካከል አንድ የላዳ ሹፌር ነበር። ብዙ አይናገርም። ቡናውን ጠጥቶ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ሐሙስ ማነው የሚወስደው?» አላቸው።

«ማን ይወስደዋል ብለህ ነው ልጄ፣ ታክሲ ተጋፍተን ነዋ!»

«እኔ ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ ወደዚያ ነው የምሄደው» አለ።

ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ ወደዚያ የሚያስኬደው ምንም ነገር አልነበረም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናትየውም ያውቃሉ። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ላዳዋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ትቆማለች። የዚያን ሳምንት ጠያቂ ሁሉ የተናገረውን ብንሰበስበው መጽሐፍ ይወጣዋል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ልጁን ማሽኑ ጋ ያደረሰችው ግን «ሐሙስ ማነው የሚወስደው?» የምትለዋ ጥያቄ ናት።

አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ የቅርብ ዘመዶች ነበሩ። ወንድም ለእኅቱ፣ እናት ለልጇ ማለት ነው። ይህን ነገር ሳስበው፣ ከእነዚህ ሕሙማን መካከል «አምላኬ ሆይ ኩላሊት ስጠኝ» ብሎ ያልጸለየ የሚኖር አይመስለኝም። ጸሎቱ ሲሰማ ኩላሊቱ ከሰማይ ወረደ ወይ? የለም፤ ከአንድ ሰው ጎን ወጣ። መልሱ በሰው ሥጋ በኩል ነው የመጣው። ለሚያምን ሰው ይህ የጸሎቱን ዋጋ አያሳንሰውም፤ ክርስትናም ሲጀመር የሚያስተምረው እግዚአብሔር ሰውን ሊረዳ የሰው ሥጋ ለበሰ ብሎ አይደለም እንዴ?

የሃይማኖቱ መጽሐፍ ራሱ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ ኮስተር ያለ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ የሚነቅፈው ሰው የእኛ ሰፈር ሰው ይመስላል። የተራቆተና የዕለት እንጀራ ያጣ ወገኑን በመልካም ምኞት ብቻ የሚሸኝ ሰው ነው። ያዕቆብ ይህን «እግዜር ይስጥህ»ን የሚጠራው ደግሞ ንፉግነት ብሎ አይደለም፤ የሞተ እምነት ብሎ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ተግሣጽ ነው።

የደጉ ሳምራዊ ታሪክም እንዲሁ ነው። ወንበዴ ደብድቦ መንገድ ላይ የጣለውን ሰው ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አይቶት አለፈ። መጽሐፉ ሲያልፉ ምን እንዳሉ አይነግረንም። እኔ ግን «እግዜር ይማርህ» ሳይሉ ያለፉ አይመስለኝም። ሳምራዊው ያደረገው ግን አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ዘይትና ወይን ጠጅ አፈሰሰለት፣ ቁስሉን አሰረለት፣ በገዛ አህያው አስቀመጠው፣ ማደሪያ ወሰደው፣ ሁለት ዲናር ከፈለለት፤ ሌላ ወጪ ቢኖር ስመለስ እከፍላለሁ ብሎም ቃል ገባ። ወንጌሉ የገንዘቡን መጠን ሳይቀር ጽፎታል። ለእኛ ግን ገንዘብ የተቆጠረበት ደግነት መንፈሳዊነቱ የቀነሰ ይመስለናል።

ከማለፍም የባሰ አለ። ቆሞ መውቀስ። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ሰምተው ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃልም አልተናገሩም። ከሠሩት ሁሉ ያማረው ይህ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኃጢአት ቢኖርብህ ነው እንጂ ይህ ሁሉ አይደርስብህም ብለው ይመረምሩት ጀመር። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ እሮሮ አልነበረም፤ ስለ እሱ ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው በእነዚያ ወዳጆች ነው። ዛሬም የኢዮብ ወዳጆች ዘር አልጠፋም። ልጅ የሞተባትን እናት «ለበጎ ነው፣ አታልቅሺ» ይሏታል። መሐን የሆነችውን «እምነትሽን አጥብቂ» ይሏታል። በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ብለው ተስፋ የሚቸበችቡት ደግሞ ይብሳሉ። ላልተፈወሰው ሰው «እምነትህ ቢያንስ ነው» ብለው በበሽታው ላይ ጥፋተኝነት ይጨምሩበታል። ከዚያም የሚረጨውን ዘይት በዋጋ ይሰጡታል። የዳነው ምስክር ሆኖ መድረክ ላይ ይቆማል፤ ያልዳነው የት እንደገባ አይታይም።

ይኸው ሒሳብ በሌላ ልብስ ስለታችን ውስጥም አለ። ስለት የምስጋና ልማድ ነው፤ አከብረዋለሁ። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ቀን የሚተመውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ ሰው አንድ ቀን ጨንቆት እንደነበረና እንዳለፈለት ይገባዋል። ነገር ግን ስለታችን ምን እንደሆነ እስኪ እናስተውል። ጥላ፣ መጋረጃ፣ ስጋጃ ነው። ስጋጃው በስጋጃ ላይ ይደራረባል፤ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ደግሞ ካርቶን ያነጠፈ የኔ ቢጤ ተኝቷል። «ልጄ ከዳነልኝ የአንድ ድኻ ልጅ የመድኃኒት ወጪ እሸፍናለሁ» ብሎ የተሳለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኖር ደስ ይለኛል፤ መልአኩም የሚቀየም አይመስለኝም።

ዕድራችንስ? በዕድር እኮራለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ ሲያጡ ሲያጡ ካርታ የሚጫወት ሰው እንኳ አጠገቡ ይቀመጣል። ይህ ከኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያው ሳምንት የተወረሰ መልካም ነገር ነው። ችግሩ ብዙው ዕድር የሚያውቀው ሞትን እንጂ በሽታን አለመሆኑ ነው። አባሉ ሃያ ዓመት ወርኃዊ መዋጮ ከፍሎ፣ ታሞ መድኃኒት መግዣ ሲያጣ ከሣጥኑ አንድ ብር አይወጣለትም። በሞተ ማግስት ግን ገንዘቡ ተቆጥሮ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ሰውዬው ያን ገንዘብ ለማግኘት መሞት ነበረበት። ደንቡ ሊሻሻል እንደሚችል ደግሞ አይተናል። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲያንኳኳ በነበረበት ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ሕመምተኞችንና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋግረው ነበር።

ያ ዘመን ሌላም ትምህርት ጥሎልናል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጊዜ እንጦጦ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ጠበል ይጠመቅ ነበር። ከእነሱ መካከል ጠበሉንና ክኒኑን አብሮ መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብለው መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በዚህ ስንት ነፍስ እንደጠፋ እሱ ይቁጠረው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይጋጩም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። አንድ አባት በአንድ ቀን ንግግር ሐኪሞች በወራት ያላስረዱትን ማስረዳት ይችላል። የሃይማኖት ቃል በር መዝጊያ ብቻ ሳይሆን በር መክፈቻም እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ የሚሰበክ ሁሉ አንዲት ሴትዮ ቢጠቅስ እወዳለሁ። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ተሳለሙ። ግሸን ግማደ መስቀሉ አለባት የምትባል አምባ ናት፤ ሰው ወደዚያ የሚሄደው በረከት ፍለጋ ነው። ወሎ ግን በዚያን ጊዜ ረኀብ ገብቶባት ነበር። ወይዘሮ አበበች የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አከፋፈሉ። መንገድ ላይ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አገኙ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ «እግዜር ያውቅላታል» ሊል ይችል ነበር፤ ደግሞም ስድብ አይደለም። እሳቸው ግን ልጅቱን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመት ውስጥ ቤታቸው ያሉት ልጆች ሃያ አንድ ደረሱ። ቤተሰባቸው ነገሩን አልተቀበለላቸውም፤ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ከዚያች መንገድ የተነሣው ድርጅት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን አሳድጓል። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዐረፉ።

እሳቸው ከግሸን ሲመለሱ በረከት ይዘው ነው የተመለሱት፤ በጠርሙስ ያለ ጠበል ሳይሆን በክንዳቸው የታቀፉት ልጅ። ለዚያች ሕፃን ደግሞ የሰማይ ረድኤት ማለት ነጠላ የለበሰች፣ ከስለት የምትመለስ አንዲት ሴት ነበረች።

ባለጠጋ መሆን ያስፈልጋል የሚል ካለ ደግሞ ቤሩትን ያስታውስ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ኮሮናም ተጨምሮ፣ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ደመወዝ እንኳ ሳይከፍሉ ሻንጣቸውን አስይዘው ቆንስላችን ደጅ ላይ አራግፈዋቸው ሄዱ። አስፋልት ላይ ያደሩትን ልጆች ምስል ዓለም አይቶታል። ከሩቅ ሆነን ሁላችንም «እግዜር ይድረስላቸው» አልን። ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ከደረሱት መካከል ግን «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለው ማኅበር ይገኝበታል። ያቋቋሙት ራሳቸው በዚያው አገር የቤት ሠራተኛ የነበሩ እኅቶች ናቸው። የኔ ቢጤ የሚለውን ስም ትርጉሙን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አሁን ከሁለት ወገን ጥያቄ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንዱ የተማረው ወዳጄ ነው። «ሁሉንም የሚሠራው ሰው ከሆነ እግዚአብሔርን ለምን ታነሣዋለህ? ሆስፒታል ሥሩ፣ መድን ዘርጉ፣ በቃ!» ይለኛል። ሆስፒታሉም ይሠራ፣ መድኑም ይዘርጋ። ነገር ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ላዳዋ ቆማ፣ ሐኪሙ ተኝቶ፣ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው እናትየው ብቻቸውን ናቸው። በዚያ ሰዓት «አንተ ታውቃለህ» ብለው እስኪነጋ ድረስ የሚያቆያቸውን ነገር የጤና መድን አይሸፍነውም። ሌላው ጠያቂዬ መንፈሳዊው ወንድሜ ነው። «እግዚአብሔርን የተራድኦ ድርጅት አደረግኸው» ይለኛል። የለም። የክርስቲያን ተስፋ ከሞት ባሻገር እንደሚሄድ፣ ሰው ሊያደርገው የማይችለው ነገር እንዳለ አምናለሁ። እኔ የምለው ሰው ሊያደርግ የሚችለውን ለእግዚአብሔር አንተውለት ነው። ትንሣኤ የእሱ ድርሻ ነው፤ ሐሙስ ማለዳ ግን የእኛ ነው።

ያ ልጅ አልዳነም። የእኅቱ ኩላሊት ሳይስማማው ቀረ፤ በስምንተኛው ወር ዐረፈ። ለቅሶው ላይ የሚባለው ሁሉ ተባለ። «እሱ ወዶ ወሰደው» ያለም ነበር። እናትየው በዝምታ ሰሙ። በአርባው ቀን ግን የላዳው ሹፌር ሲገባ አይተው ለጎረቤታቸው ቀስ ብለው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ «እግዚአብሔር ትቶኛል አልልም። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ምን እንድናደርግ ነው የምትለው ብትሉኝ፣ ሁሉም ሰው ወይዘሮ አበበችን ይሁን አልልም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ከዐሥርቱ ትእዛዛት መካከል የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ የሚል አለ። እኛ ይህን ትእዛዝ የምንተረጉመው ስለ መሐላ ነው፤ ነጋዴው በማርያም ብሎ ሲዋሽ ትዝ ይለናል። እኔ ግን ስሙ ከሁሉ ይልቅ በከንቱ የሚጠራው እጃችንን ኪሳችን ውስጥ ከትተን «እግዜር ይስጥህ» ስንል ይመስለኛል።

ስለዚህ መስጠት የቻለ ይስጥ። ሐሙስ ማን እንደሚወስደው መጠየቅ የቻለ ይጠይቅ። ለታመመ ብርቱካን ከመግዛቱ በፊት ምን እንደሚበላ ይጠይቅ። ያልቻለ ደግሞ፣ ሁላችንም የማንችልበት ቀን አለና፣ በራሱ ስም «ዛሬ አልያዝኩም ወንድሜ» ይበል። ይህ ቢያንስ እውነት ነው፤ ሰውዬውንም «ወንድሜ» ብሎታል። ምርቃቱን ለሚቀበል ሰው እንተውለት። ቁራሹን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል፣ ያን ጊዜ ቃሉ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል።